ሂሳብም ደርሶ መልስ አለው

በዚህ ወር በዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከሱቅ ባንኮኒ ተነስቶ ወደ መማሪያ ክፍል የሚገባ ነው። ወላጆች “ይህ የልጆች ትምህርት ነው” ብላችሁ እንዳታልፉት፤ እናንት ወጣቶችም “ይህ የነጋዴ ጉዳይ ነው” ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ እንላለን። ነገሩ ሁላችሁንም የሚነካ ነውና።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ሁለት ሰዎች ጎተራ ወደሚገኘው ቤታችን መጡ። አንደኛው በአካባቢው ሱቅ ያላቸው በዕድሜ የገፉ ሐጂ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የወንድማቸው ልጅ ነው። ልጁ ከትምህርት መልስ ሱቁን ያግዛል። ሐጂ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉና፣ “ኡስታዝ፣ እርስዎ የሂሳብ መምህር ነዎት፤ እስቲ በዚህ ይፍረዱን” አሉን። እኛም፣ “ሐጂ፣ ፍርዱ የቁጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ቁጥሩን ያሳዩን” አልናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነው። በወሩ ውስጥ ታክሱን ጨምሮ የተሰበሰበው የሽያጭ ገንዘብ 230,000 ብር ነበር። ሐጂ ልጁን፣ “ከዚህ ውስጥ የኛ ስንት ነው? የታክሱስ ስንት ነው? ለይልኝ” ይሉታል። ልጁም የ230,000 ብር 15 በመቶ 34,500 ብር መሆኑን አስልቶ፣ ከጠቅላላው ቀንሶ፣ “የኛ 195,500 ብር ነው” ይላቸዋል። ወሩ አልቆ የሂሳብ ሠራተኛው ያዘጋጀው ወረቀት ሲመጣ ግን የሽያጩ ታክስ 30,000 ብር፣ የዕቃው ዋጋ ደግሞ 200,000 ብር ይላል። ልዩነቱ 4,500 ብር ነው። በግዢ ላይ የተከፈለው ታክስ የሚቀናነሰው ለብቻው ስለሆነ እዚህ ውስጥ አልገባም።

ሐጂ የቀደሙትን ወራት ወረቀቶች አውጥተው ልጁን አስሰሉት። በሁሉም ወር የሂሳብ ሠራተኛው ቁጥር ከልጁ ቁጥር ያንሳል። በዚህ ጊዜ ልባቸው ደነገጠ። “ይህ ሰው ለሦስት ዓመት ታክሱን እያሳነሰ ሲጽፍብን ኖሯል፤ ነገ ገቢዎች ቢደርስበት ቅጣቱን የምንከፍለው እኛ ነን” ሲሉ ደመደሙ። ሰውየውን ከሥራ ለማሰናበት ወስነዋል። ከዚህም አልፎ ለሁለት ጎረቤት ነጋዴዎች ነግረዋል። እኛ ዘንድ የመጡት እንግዲህ “እውነትህን ነው” እንድንላቸው እንጂ “ተሳስተሃል” እንድንላቸው አልነበረም።

የሂሳብ ሠራተኛው ግን ትክክል ነበር። ልጁም ቢሆን ማባዛቱንና መቀነሱን አላጠፋም። የጠፋው የመመለሻው መንገድ ነው።

100 ብር ይዞ ወጥቶ 97 ብር ይዞ መመለስ

ሐጂን፣ “በትንሽ ቁጥር እንሞክረው” አልናቸው። ዋጋው 100 ብር የሆነ ዕቃ አለ እንበል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ስለዚህ ገዢው 115 ብር ይከፍላል። አሁን ደግሞ ከ115 ብር ተነስተን ወደ 100 ብር እንመለስ። በልጁ መንገድ ብንሄድ የ115 ብር 15 በመቶ 17 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ይህ ሲቀነስ 97 ብር ከ75 ሳንቲም ይቀራል። ከ100 ብር ተነስተን ሄደን ስንመለስ ግን ወደ 100 አልደረስንም። 2 ብር ከ25 ሳንቲም መንገድ ላይ ጠፋ።

ሐጂ ወረቀቱን አተኩረው ተመለከቱና፣ “የት ሄደ?” አሉን። የትም አልሄደም። ወደፊት ስንሄድ 15 በመቶ የተሰላው በ100 ብር ላይ ነው። ወደ ኋላ ስንመለስ ግን በ115 ብር ላይ አሰላነው። 15 በመቶ መባሉ ቢመሳሰልም የሚሰላበት ገንዘብ ተለውጧል። ወደፊት ስንሄድ ያደረግነው ነገር በትክክል ሲታይ በ1.15 ማባዛት ነው። የማባዛት መመለሻ ማካፈል ነው። 115ን ለ1.15 ስናካፍል 100 እናገኛለን። 230,000ን ለ1.15 ስናካፍልም 200,000 ይመጣል። በሂሳብ ሠራተኛው ወረቀት ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው።

ልጁ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ቀና ብሎም፣ “ኡስታዝ፣ ይህ ነገር ክፍል ውስጥ ኢንቨርስ ፈንክሽን የተባለው አይደለም እንዴ?” ሲል ጠየቀን። አዎን፣ እሱ ነው። ፈተና ላይ የመለሰውን ጥያቄ ሱቅ ውስጥ ሲያገኘው አላወቀውም። ብዙዎቻችሁ ያላችሁት እዚሁ ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሂሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉ ከደብተር አልፎ ወደ ቤት ቋንቋ ሳይገባ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ በራሳችን ቋንቋ እንየው።

ፈንክሽን ምንድን ነው? መመለሻውስ?

ፈንክሽን ማለት አንድ ነገር ሲሰጡት አንድ ውጤት ብቻ የሚመልስ ሥርዓት ነው። ወፍጮ ቤትን አስቡ። ጤፍ ሲያስገቡበት የጤፍ ዱቄት፣ በቆሎ ሲያስገቡበት የበቆሎ ዱቄት ያወጣል። አንድ ጊዜ ጤፍ አስገብተው የጤፍ ዱቄት፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ ጤፍ አስገብተው የስንዴ ዱቄት ካወጣ ግን እምነት የሚጣልበት ወፍጮ አይደለም፤ ፈንክሽንም አይባልም። የሚገባውን ቁጥር ሀ፣ የሚወጣውን ቁጥር ለ ብለን እንጥራቸው። የታክሱ ፈንክሽን እንግዲህ ለ = 1.15 × ሀ ነው።

ተገላቢጦሹ፣ ማለትም ኢንቨርስ ፈንክሽን፣ የወጣውን ተቀብሎ የገባውን የሚነግረን ነው። ፈንክሽኑን ፈ ብለን ብንጠራው፣ ፈ ሀን ወደ ለ ያደርሳል፤ ተገላቢጦሹ ደግሞ ለን ወደ ሀ ይመልሳል። የደርሶ መልስ ትኬት ማለት ነው፤ ከተነሱበት ቦታ ካልመለሰ ደርሶ መልስ አይባልም። ሄዶ መመለስ ከመነሻው ካደረሰ፣ ተመልሶ መሄድም እንዲሁ ካደረሰ፣ ሁለቱ ፈንክሽኖች አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። የተገላቢጦሹ ምልክት ከፈ በስተቀኝ ከፍ ብላ የምትጻፍ −1 ናት፤ ፈ⁻¹ ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ሲያዩ 1 ለፈ የሚካፈል ይመስላቸዋል። አይደለም። ምልክቱ የሚለው “ተመለስ” ነው።

በቅደም ተከተል መመለስ

ተገላቢጦሹን ለማግኘት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የኮንትራት ታክሲ ለመነሻ 100 ብር፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 25 ብር ያስከፍላል እንበል። ሀ ኪሎ ሜትር ለተጓዘ ሰው ክፍያው ለ = 25 × ሀ + 100 ነው። 10 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ 350 ብር ትከፍላላችሁ። አሁን ልጃችሁ ወደ ቤት ገብቶ፣ “350 ብር ከፈልኩ” ቢላችሁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ እንዴት ታውቃላችሁ? ወደፊት ሲሄድ መጀመሪያ በ25 ተባዛ፣ ቀጥሎ 100 ተደመረ። ሲመለስ መጀመሪያ 100 ይቀነሳል፣ ቀጥሎ ለ25 ይካፈላል። 350 ሲቀነስ 100፣ 250 ነው። 250 ለ25 ሲካፈል 10 ነው። ልጁ እውነቱን ተናግሯል።

ልብ በሉ፤ ሥራው ብቻ ሳይሆን ተራውም ተገልብጧል። መስጂድ ስትሄዱ ከቤት ስትወጡ ካልሲ ቀድሞ ይጠለቃል፤ ጫማ ይከተላል። መስጂዱ በር ላይ ስትደርሱ ግን ጫማ ቀድሞ ይወልቃል፤ ካልሲው ኋላ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ካልሲውን ሊያወልቅ የሚታገል ሰው አይታችሁ አታውቁም። በደብተር ላይ ግን ይህን የሚያደርጉ ተማሪዎች በየቀኑ ያጋጥሙናል። እኛ ራሳችን በልጅነታችን መድረሳ ስንማር አሊፍ፣ ባ፣ ታ ማለት እንደ ውሃ ይፈስልን ነበር። ኡስታዛችን፣ “እስቲ ከያ ጀምራችሁ ወደ አሊፍ ተመለሱ” ሲሉን ግን ምላሳችን ይታሰር ነበር። መንገዱን በእርግጥ የሚያውቀው መመለስ የሚችለው መሆኑን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

ተራው ሲዛባ የሚደርሰውን ጉዳት በቤት ውስጥ እንየው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የትኩሳት መለኪያ ላከልን እንበል። መለኪያው የሚያሳየው አሜሪካኖች በሚጠቀሙበት በፋራናይት ነው። ሕፃኑ አተኮሰውና ስትለኩት 102.2 አነበባችሁ። እናት በሴልሺየስ ስንት እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት የሚወስደው መንገድ በ1.8 አባዝቶ 32 መደመር ነው። መመለሻው ስለዚህ 32 ቀንሶ ለ1.8 ማካፈል ነው። 102.2 ሲቀነስ 32፣ 70.2 ነው፤ ለ1.8 ሲካፈል 39 ይሆናል። ይህ ከፍ ያለ ትኩሳት ነው፤ ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። ተራውን አዛብታችሁ መጀመሪያ ብታካፍሉ ኋላም 32 ብትቀንሱ ግን 24.8 ገደማ ይመጣላችኋል። ይህም ልጁ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ቁጥሩ ያው፣ ሥራውም ያው ሆኖ ሳለ የተራው መዛባት ብቻ ወላጅን ያሳስታል።

በመጽሐፍ ላይ ላሉ ጠንከር ላሉ ጥያቄዎች መምህራን የሚያስተምሩት ዘዴ ሦስት እርምጃ አለው። አንደኛ፣ ለ = ብሎ ፈንክሽኑን መጻፍ። ሁለተኛ፣ ሀን ለብቻው እስኪቆም ድረስ ማውጣት። ሦስተኛ፣ የሀንና የለን ስም መለዋወጥ። አንዳንድ መጻሕፍት ስም መለዋወጡን ያስቀድማሉ፤ ውጤቱ አንድ ነው። የስም ልውውጡ ምሥጢር ቀላል ነው፦ ቀድሞ ውጤት የነበረው አሁን መነሻ ስለሆነ የመነሻነቱን ስም ይይዛል።

እነሆ ምሳሌ። ለ = (2 × ሀ + 3) ÷ (ሀ − 1) ይሁን። ሁለቱንም ወገን በ(ሀ − 1) ስናባዛ ለ × ሀ − ለ = 2 × ሀ + 3 እናገኛለን። ሀ ያለባቸውን ወደ አንድ ወገን ስንሰበስብ ለ × ሀ − 2 × ሀ = ለ + 3 ይሆናል። ከዚህም ሀ = (ለ + 3) ÷ (ለ − 2) ይወጣል። ስም ስንለዋውጥ ተገላቢጦሹ (ሀ + 3) ÷ (ሀ − 2) ነው። ይህን አምናችሁ አትለፉ፤ ፈትኑት። በመጀመሪያው ላይ 2 ስናስገባ 7 ይወጣል። 7ን በተገላቢጦሹ ላይ ስናስገባ 10 ለ5፣ ማለትም 2 እናገኛለን። ወደ ቤታችን ገባን።

በዚህ ምሳሌ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በመጀመሪያው ፈንክሽን ሀ 1 ሊሆን አይችልም፤ በዜሮ ማካፈል የለምና። በተገላቢጦሹ ደግሞ 2 ሊገባ አይችልም። ይህም ማለት የመጀመሪያው ፈንክሽን ምንም ብታስገቡበት 2ን አያወጣም ማለት ነው። የአንዱ መግቢያ የሌላው መውጫ ነው፤ ተማሪዎች ዶሜንና ሬንጅ ቦታ ተለዋወጡ የምትሉት ይህንኑ ነው።

መመለሻ የሌለው መንገድ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። መንገድ ሁሉ መመለሻ አለውን? የለውም። የሰፈራችንን ስም ልብ በሉ። ጎተራ እህል የሚቀመጥበት ነው፤ ጤፍ ካስገቡበት ጤፍ ያወጡበታል። ወፍጮ ቤት የሄደ እህል ግን ዱቄት ሆኖ ይወጣል እንጂ ዱቄቱን መልሶ እህል የሚያደርግ ወፍጮ የለም። በቁጥርም እንዲሁ ነው። 3ን በራሱ ብናባዛ 9 ነው፤ −3ንም በራሱ ብናባዛ 9 ነው። “9 ላይ ደርሻለሁ፤ ከየት መጣሁ?” ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ መስጠት አይቻልም። የጎተራ ማሳለጫ ላይ ቆማችሁ ሁለት መንገዶች ተገናኝተው አንድ የሚሆኑበትን ቦታ ተመልከቱ። ከመገናኛው በኋላ ያገኛችሁትን መኪና አይታችሁ ብቻ ከየትኛው መንገድ እንደመጣ ማወቅ አትችሉም።

ስለዚህ ተገላቢጦሽ የሚኖረው ሁለት የተለያዩ መነሻዎች አንድ ውጤት ላይ የማይገናኙበት ፈንክሽን ብቻ ነው። ይህን አንድ ለአንድ እንለዋለን። በግራፍ ላይ ማወቂያው ቀላል ነው፦ ማስመሪያችሁን አግድም ይዛችሁ ከታች ወደ ላይ አንሱት። ማስመሪያው ግራፉን በየትኛውም ከፍታ ላይ ከአንድ ቦታ በላይ ካልነካ መመለሻ አለው። ሁለት ቦታ ከነካ ግን የለውም።

በዘካ ላይ ይህን ሁለቱንም ነገር እናያለን። ሀብቱ ኒሷብ የሞላና ዓመት የዞረበት ሰው ከገንዘቡ ከ40 አንዱን ያወጣል። አንድ ሰው 5,000 ብር ዘካ አውጥቶ ከሆነ ገንዘቡ 5,000 በ40 ተባዝቶ 200,000 ብር እንደነበር እናውቃለን። ዘካው ዜሮ የሆነ ሰውስ? 300 ብር ያለውም፣ ለኒሷብ ጥቂት የጎደለውም ሁለቱም ዜሮ ላይ ይገናኛሉ። ከዜሮ ተነስቶ የሰውየውን ኪስ የሚያውቅ ሂሳብ የለም። “ዘካ አላወጣም፤ እንግዲህ ምንም የለውም” የሚል ሰው መመለሻ በሌለው መንገድ ላይ ሊመለስ የሚሞክር ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንም ተመሳሳይ ችግር አለው። ወጣቶች ለውጭ አገር ትምህርት ወይም ለፓስፖርት ፎርም ስትሞሉ የልደት ዓመታችሁን ወደ ፈረንጆች መለወጥ ይኖርባችኋል። ብዙ ሰው “7 ዓመት ደምር” ብሎ ይጨርሰዋል። በ1978 ዓ.ም. መስከረም የተወለደ ልጅ በፈረንጆች 1985 ነው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት የተወለደ ግን 1986 ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ዓመት ብቻውን ከተነገረን ወደየትኛው እንደሚሄድ አናውቅም። ቀኑና ወሩ ሲጨመር ግን እያንዳንዱ የኛ ቀን ከአንድ የፈረንጅ ቀን ጋር ብቻ ይገናኛል፤ መሄድም መመለስም ያለ ስህተት ይሆናል። ወላጆች የልጆቻችሁን ልደት ስትመዘግቡ ቀንና ወሩን አትተዉ የምንለው ለዚህ ነው።

ሂሳብ እንዲህ ያለ መንገድ ሲያጋጥመው ፈጽሞ አይተወውም። መነሻውን ይገድበዋል። አንድ ባለ እኩል ጎን ክፍል ወለሉ 16 ካሬ ሜትር ነው ቢባል ጎኑ 4 ሜትር ነው እንላለን። −4 ሜትር ጎን ያለው ክፍል የለምና ማንም አይጠራጠርም። ዜሮና ከዜሮ በላይ የሆኑትን ብቻ እንቀበላለን ብለን ከተስማማን፣ በራስ ማባዛት መመለሻ ያገኛል፤ ስሙም ስኩዌር ሩት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ራሱ የራሱ መመለሻ የሆነ ፈንክሽን አለ። በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በስልካችሁ ላይ 8 ተብሎ ይጻፋል። ከኛ ወደ ስልኩ ለመሄድ 6 ትደምራላችሁ። ከስልኩ ወደኛ ለመመለስስ? 8 ላይ 6 ብትቀንሱ 2 ነው፤ 6 ብትደምሩም 14 ይሆንና በ12 ሰዓት ዙር ውስጥ ያው 2 ነው። መሄጃውና መመለሻው አንድ ነው። ስለዚህ ነው ሰዓት ስንለውጥ የማንሳሳተው፤ ታክስ ስንመልስ ግን የምንሳሳተው። ሁሉም መንገድ እንደ ሰዓቱ ይመስለናል።

ከባግዳድ የመጣ ቃል

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በባግዳድ ይሠራ ነበር። በፈረንጆች 820 ገደማ የጻፈው ስለ አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ ስሌት የሚናገር መጽሐፍ ነው። ጀብር ማለት መጠገን፣ ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው፤ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን ሰውም በዐረብኛ ከዚሁ ሥር በወጣ ስም ይጠራል። በሂሳብም የተቀነሰውን ነገር በሌላው ወገን ደምሮ መመለስ ማለት ነው። መጽሐፉ በ1145 ወደ ላቲን ተተርጉሞ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ አልጀብራ የሚለው ቃል ከዚያው ወጣ።

ከመጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዘው የኑዛዜና የውርስ ሂሳብ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የውርስ ጥያቄ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ጥያቄ ነው፦ ድርሻው ታውቋል፤ ጠቅላላው ስንት ነበር? አል-ኸዋሪዝሚ ሂሳቡን የጻፈው ወራሾች እንዳይጣሉ፣ ነጋዴዎች በትክክል እንዲካፈሉ ጭምር ነው። ዛሬም ተገላቢጦሽ የሚያስፈልገን ለዚሁ ነው።

የሐጂ መመለሻ

ወደ እንግዶቻችን እንመለስ። ሐጂ ሁሉም ከተሰላ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ “እንግዲህ ሰውየው ሐቀኛ ነው ማለት ነው?” አሉን። “በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ልክ ነው” አልናቸው። “እኔ ግን ተናግሬበታለሁ” አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ልጁን ሊቆጡት ሲሉ አስቆምናቸው። ልጁ ያደረገው ብዙ ትልልቅ ሰዎች የሚያደርጉትን ነው። እኛም ከዓመታት በፊት የደመወዛችንን ከተቀናሽ በፊት ያለውን መጠን ለማወቅ፣ በእጃችን በገባው ላይ መቶኛውን ደምረን የተሳሳትንበትን ቀን አጫወትናቸው። የልጁ ጥፋት ካለ፣ መልሱን ወደፊት ሄዶ አለመፈተኑ ነው። 195,500 ላይ 15 በመቶ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ 224,825 ያገኝ ነበር። 230,000 አለመሆኑን አይቶ፣ “አጎቴ፣ አንድ ነገር ተሳስቻለሁ” ይል ነበር። ሰው ከመጠርጠሩ በፊት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሐጂ በማግሥቱ ወደ ሁለቱ ጎረቤት ነጋዴዎች ሄደው፣ “ያልኳችሁ ስህተት ነበር” ብለው እንደነገሯቸው ልጁ አጫወተን። ወደ ሂሳብ ሠራተኛውም ሄደው ዐውፍ ጠይቀዋል። ሰውየው ይቅር ብሏቸዋል። ከሁለቱ ነጋዴዎች ወሬውን የሰማ ሦስተኛ ሰው ካለ ግን ማን እንደሆነ ሐጂም አያውቁም፤ ሄደው ሊያርሙለትም አይችሉም። እስከ ዛሬ የሚከነክናቸው ይህ ነው።

ለወጣቶች የቤት ሥራ

በልማዳችን መሠረት ጥቂት ጥያቄዎችን እናቅርብ።

1. አንድ ቤተሰብ ታክሱን ጨምሮ 46,000 ብር ከፍሎ ፍሪጅ ገዛ። ታክሱ 15 በመቶ ከሆነ ከታክስ በፊት የፍሪጁ ዋጋ ስንት ነበር?

2. አንድ ሰው ሞቶ ዕዳውና ኑዛዜው ከተለየ በኋላ፣ ልጆች ያሏት ሚስቱ ከቀረው ሀብት አንድ ስምንተኛውን፣ ማለትም 75,000 ብር ወሰደች። የቀረው ሀብት ጠቅላላው ስንት ነበር?

3. የዘይት ዋጋ 25 በመቶ ጨመረ። ወደ ቀድሞው ዋጋ ለመመለስ አሁን ካለው ዋጋ ላይ ስንት በመቶ መቀነስ አለበት? 25 ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

4. ፈ(ሀ) = (3 × ሀ − 1) ÷ (ሀ + 2) ነው። ተገላቢጦሹን አግኙ። በእያንዳንዱ ላይ የማይገባው ቁጥር የትኛው ነው?

መልሱን በሚቀጥለው እትም አንሰጣችሁም፤ አያስፈልጋችሁምና። ያገኛችሁትን ቁጥር ወደፊት መልሳችሁ አስኪዱት። ወደ ተነሳችሁበት ካደረሳችሁ ልክ ናችሁ፤ ካላደረሳችሁ ደግሞ ከማንም በፊት ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። እናቶችና አባቶችም የቤታችሁን ደረሰኝ አውጥታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ ሞክሩት። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኝ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።